ጦርነት የሚያሳውቀው ንግግር በሰላሙ ጊዜ ይዘጋጅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጅማ

ለጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት
ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአገር መሪ ጦርነት መጀመሩን ለሕዝብ ስለሚያሳውቅበት ንግግር አዘገጃጀት፣ ትርጉምና ሥርጭት

አገር ጦርነት ውስጥ መግባቷን ሕዝቡ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው አንደበት ነው። ንግግሩ ካበቃበት ደቂቃ ጀምሮ ሰው ልጁን ነገ ትምህርት ቤት ይልክ እንደሆነ፣ ከባንክ ገንዘብ ያወጣ እንደሆነ፣ ሊሄድ ያሰበበትን መንገድ ይተው እንደሆነ ይወስናል፤ ጎረቤቱን በምን ዓይን እንደሚያይም ጭምር። እኛ በጅማ ከተማ በሕግ፣ በትርጉምና በሬዲዮ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ያ ቀን እንዳይመጣ እንጸልያለን። ነገር ግን እንዲህ ያለ ንግግር በባሕርዩ በሌሊት፣ በጭንቀት፣ በጥቂት ሰዎች የሚጻፍ ስለሆነ ቅጹ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ እንላለን። ምን ምን ይኑረው፣ የትኛውስ ክፍል ሲጎድል ምን ይበላሻል የሚለውን ከዚህ በታች በዝርዝር አቅርበናል።

ከሁሉ በፊት ንግግርና አዋጅ ይለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 መሠረት ጦርነት የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ረቂቁን የሚያቀርብለት ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንቀጽ 74 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው፤ ይሁን እንጂ በካሜራ ፊት የተናገረው ቃል በራሱ ሕግ አይሆንም። ሠራዊቱ የሚንቀሳቀስባቸው ሌሎች በሮችም አሉ። አንዱ በአንቀጽ 93 የሚወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ሌላው በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 የተመለከተው ሲሆን፣ ከክልሉ አቅም በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲያጋጥም በክልሉ ጥያቄ መከላከያ የሚሰማራበት ነው። በአንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 9 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያዝዘው ጣልቃ ገብነትም አለ። ዜጋው ከእነዚህ አራት በሮች በየትኛው እንደተገባ በንግግሩ የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መስማት አለበት፤ ምክንያቱም በሩ ሲለያይ መብቱም ይለያያል።

ልዩነቱ በሰዓት ጭምር የሚለካ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ካለ በ48 ሰዓት፣ በዕረፍት ላይ ካለ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸደቀ እስከ 6 ወር ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል፤ ቦርዱ የታሰሩ ሰዎችን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል። በጦርነት አዋጁ ንዑስ አንቀጽ ሥር ግን እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ አልተጻፈም። ክፍተቱን መሪው በራሱ አንደበት ሊሞላው ይችላል፤ «ረቂቁ በ48 ሰዓት ውስጥ ለምክር ቤቱ ይቀርባል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ተዘግቶ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ መሆኑም ይታሰብበት። የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን የገባው በሐምሌ 1969 ነበር፤ ክረምት ጦርነትን አያስቀርም። ስለዚህ አባላቱ በዕረፍት ላይ ሳሉ በምን ያህል ሰዓት ተጠርተው ምልዓተ ጉባኤ እንደሚሞላ አስቀድሞ ይታወቅ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1941 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ያደረገው ንግግር አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። መጨረሻው ላይ ያለው ቃል ጥያቄ ነው፤ ኮንግረሱ ጦርነት መኖሩን እንዲያውጅ ይጠይቃል። ሴኔቱ 82 ለ0፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 388 ለ1 ድምፅ ሰጡ፤ ሰነዱም በዚያው ቀን ተፈረመ። ተናጋሪው ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ሰሚውም አወቀ።

የእኛን የቅርብ ታሪክ ብንመለከት፣ በጥቅምት 2013 በትግራይ የተጀመረው ዘመቻ «ሕግ ማስከበር» ተባለ፤ በሕግ በኩል የወጣው ደግሞ ለ6 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ሕዝቡ የኖረው ግን ጦርነት ነው። ኅዳር 19 ቀን 2013 ዘመቻው መጠናቀቁ ተነገረ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ንግግር ለነገሩ ትክክለኛ ስሙን ሳይሰጠው ሲቀር ዜጋው ምን ያህል ስንቅ እንደሚይዝ፣ ከየት እንደሚሸሽ፣ የትኛው ሕግ እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ይቀራል።

በመንግሥታት መካከልም ቃል ከዓመታት በኋላ ይመረመራል። ግንቦት 5 ቀን 1990 የሚኒስትሮች ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጡት የአቋም መግለጫ የጦርነት አዋጅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የኢትዮ ኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ፊት ቀርቧል። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 በሰጠው ውሳኔ መግለጫው ወረራውን የሚያወግዝና ለቅቃችሁ ውጡ የሚል እንጂ የጦርነት አዋጅ አለመሆኑን ተናገረ፤ የጦርነት አዋጅ ፍሬ ነገሩ በተፋላሚዎች መካከል የጦርነት ሁኔታ መኖሩን በግልጽ ማረጋገጥ ነው አለ። በግንቦት የተጻፈችን ዓረፍተ ነገር ዳኞች ከሰባት ዓመት በኋላ ቃል በቃል ይመዝኗታል ማለት ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚያውቅ ሰው ረቂቁን ሳያነብ ንግግሩ አይቀረጽ። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 መሠረት ራስን ለመከላከል የተወሰደ እርምጃ ወዲያውኑ ለጸጥታው ምክር ቤት ይገለጻል፤ ኒውዮርክ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ንግግሩ በጠዋት ቢነገር ደብዳቤው በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ ጽሑፎች ስለ አንድ ክስተት ሁለት የተለያየ ሰዓት እንዳይናገሩ በአንድ ሰው እጅ ይተያዩ።

አገራችን ለዚህ ሥራ የራሷ አብነት አላት። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ያስነገሩት የክተት አዋጅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በወኔው ነው። እንደ ባለሙያ ስናየው ግን የሚያስደንቀን አሠራሩ ነው። ጥቂት መስመር ውስጥ ምን እንደመጣ ተነግሯል፤ ጉልበት ያለው ምን እንዲያደርግ፣ ጉልበት የሌለው ምን እንዲያደርግ፣ ወስልቶ የቀረ ምን እንደሚጠብቀው ተነግሯል። ከዚያም «ዘመቻዬ በጥቅምት ነውና የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ይላል። በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመለከተው ሰው፣ ቀኑና ቦታው ተቀመጠ። ነጋሪት በተጎሰመበት ገበያ የቆመ ገበሬ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በአንጻሩ ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ስትሻገር የጦርነት አዋጅ አላወጣችም፤ ሙሶሊኒ በዋዜማው ከሮም ሰገነት ያሰማው ንግግር አርባ ዓመት ታገስን የሚል ቁጣ ነበር። ሁለቱም አገሮች የተባበሩት መንግሥታት ቀዳሚ የሆነው የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበሩ። ስሜት ብቻ የሞላው ንግግር ሕግ ሲጎድለው ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ርዝመቱ ከ800 ቃል አይብለጥ። አማርኛ ረጋ ተብሎ ሲነበብ በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ስለሚሄድ ይህ 8 ደቂቃ ይሆናል። ከ800ው ውስጥ 100 ያህሉ ለተፈጸመው ነገር፣ 80 ለሕጋዊ መሠረቱ፣ 120 እርምጃው በማን ላይ እንደሆነና በማን ላይ እንዳልሆነ፣ 100 ለዓላማው፣ 250 ለሲቪሉ ሕዝብ መመሪያ፣ 100 ደግሞ መሪው መቼና የት ተመልሶ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ለመናገር ይዋል። የቀረው 50 ለመክፈቻና ለመዝጊያ ይበቃል። የታሪክ ትንታኔ፣ ግጥም፣ የቆየ ቂም ለሌላ ቀን ይቆይ። ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ሰምቶ ወደ ዘመዱ ይደውላል፤ ኔትወርኩም ይጨናነቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን የሚሰማ ጥቂት ነው። በስድስተኛው ደቂቃ ላይ የተቀመጠ «መንገዱ ከማታ ጀምሮ ዝግ ነው» የሚል መመሪያ አይደርስም።

ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ከ12 ቃል አይለፍ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አሉታውም መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ከዚህ ኃይል ጋር ግንኙነት አላቸው ተብለው በሚጠረጠሩ ነዋሪዎች ላይ ማንም ሰው በራሱ እርምጃ እንዲወስድ አልተፈቀደም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ውሰዱ። የሬዲዮው ድምፅ ከ«እርምጃ እንዲወስድ» በኋላ ቢቆረጥ የቀረው ፈቃድ ይመስላል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሞገድ በሚደክምበት አካባቢ ይህ በእውነት የሚያጋጥም ነገር ነው። ክልከላው ይቅደም፦ «ክልክል ነው። ማንም ሰው ነዋሪን በራሱ አይያዝ። አይምታ። ቤቱን አይፈትሽ።» እንዲህ የተጻፈ ቢቆረጥም ትርጉሙ አይገለበጥም።

ሰዓትና ቀን ብዙ ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታ ነው። «ዛሬ»፣ «ነገ»፣ «ትናንት ማታ»፣ «በ72 ሰዓት ውስጥ» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን አይግቡ። ንግግሩ በድጋሚ ይተላለፋል፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ የሰማው ሰው 72ቱን ሰዓት የሚቆጥረው ከሰማበት ጊዜ ጀምሮ ነው። የመጨረሻው ሰዓት በቀን፣ በወርና በክፍለ ቀን ይጻፍ። ሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የአዲሱ ቀን 2 ሰዓት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቀኑ የሚቀየረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ስለዚህ «ጥቅምት 24 ለ25 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ ለውጭ መገናኛ ብዙኃን የሚሰጠው ቅጂ በእነርሱ ቀንና ሰዓት ይሁን፤ ሁለቱን አንድ ሰው ጎን ለጎን ያመሳክር።

ተፈጸመ የተባለው ነገር በትክክል ይነገር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ሂትለር በጀርመን ምክር ቤት በራይኽስታግ ከማለዳው 11 ሰዓት ከ45 ጀምሮ የአጸፋ ተኩስ እየተኮስን ነው አለ። የጀርመን የጦር መርከብ በዳንዚግ አጠገብ ባለው የፖላንድ ይዞታ ላይ ተኩስ የከፈተችው ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ ነበር፤ አጸፋ የተባለለትም ጥቃት ጀርመኖች ራሳቸው ያቀነባበሩት ነበር። አንድ የሰዓት ቁጥር ንግግሩን በሙሉ የውሸት ማስረጃ አደረገው። እኛ የምንጠይቀው ረቂቁ ላይ ያለ እያንዳንዱ የፍሬ ነገር ዐረፍተ ነገር በኅዳጉ ላይ ማን እንዳረጋገጠው እንዲጻፍበት ነው፤ አረጋጋጭ የሌለው ይሰረዝ። የሟች ቁጥር በመጀመሪያው ቀን አይነገር፤ ሁልጊዜ ይለወጣልና። መዘግየትም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1941 ጀርመኖች ሶቪየት ኅብረትን የወረሩት ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ሞሎቶቭ በሬዲዮ የተናገረው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ስታሊን ራሱ የተናገረው ደግሞ ጁላይ 3 ቀን ነው። ባዶ የቀረውን ሰዓት ወሬ ይሞላዋል። ሙሉው ንግግር ካልደረሰ ከ60 ቃል ያልበለጠ መግለጫ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይውጣ፤ የተረጋገጠው ብቻ ይነገርበት፤ ዋናው ንግግር መቼ እንደሚተላለፍም ይነገር።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበን ነገር እንሂድ። ጅማ የብዙ ሕዝብ ከተማ ናት። በሂርማታ ገበያ ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙ፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራው፣ ትግራዋዩ አብሮ ይሸጣል፣ አብሮ ይገዛል። መሪ በቴሌቪዥን «ጠላት» ብሎ ማን እንደሆነ ሳይናገር ሲያልፍ፣ ሰሚው ጠላቱን በቅርቡ ይፈልጋል፤ በንግግሩ ውስጥ የቀረውን ስም በሱቅ ባለቤት፣ በአከራይ፣ በክፍል ጓደኛ ስም ይሞላዋል። ስለዚህ ባላጋራው በድርጅት ወይም በታጣቂ ኃይል ስም ይጠራ፤ ስሙ በመጀመሪያው ደቂቃ ይነገር፤ «እነሱ» የሚለው ተውላጠ ስም ከስሙ ርቆ አይቀመጥ። በቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ደግሞ የዚያን ኃይል ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ዜጋ እንደሆነ፣ በማንነቱ የሚነካው ሰው እንደሚከሰስ ይነገር። ይህ በንግግሩ መጨረሻ ላይ እንደ ማስታገሻ ከሚጣል ከስሙ ጋር ተያይዞ ይምጣ። ሰውን በአውሬ፣ በበሽታ፣ በአረም፣ በቆሻሻ የሚመስሉ ቃላት፣ እንዲሁም ማጽዳት፣ መንቀል፣ ከምድረ ገጽ ማጥፋት የሚሉ ግሦች አንድም ሳይቀሩ ይውጡ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተራውን ዜጋ የሚያስርበትን ቃል መሪ በቀጥታ ሥርጭት ሊናገረው አይገባም። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነትን ሰኔ 24 ቀን 1941 ስታጸድቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ያ ስምምነት በቀጥታና በአደባባይ መቀስቀስን ራሱን ችሎ ወንጀል ያደርገዋል።

እጅ የሰጠ እንደሚማረክና እንደማይገደል በግልጽ ይነገር። ማንም አይተርፍም፣ ምርኮ የለም ማለት እ.ኤ.አ. በ1899 ከተፈረመው የሄግ የጦርነት ሕግ ስምምነት ጀምሮ የተከለከለ ነው። የጀርመኑ ንጉሥ ዊልሄልም ሁለተኛ እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1900 በብሬመርሃፈን ወደብ ወደ ቻይና ለሚላኩ ወታደሮች ምሕረት አይደረግም፣ ምርኮኛ አይያዝም ብሎ ተናገረ። ባለሥልጣኖቹ ያ ክፍል የተሰረዘበት ጽሑፍ አወጡ፤ በቦታው የነበሩ ጋዜጠኞች ግን የሰሙትን ጽፈው ስለነበር ቃሉ ወጣ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በተነሣው የዓለም ጦርነት ጠላቶቹ የጀርመንን ወታደር የጠሩት ከዚያ ንግግር በተወሰደ «ሁኖች» በሚል የጥንት ወራሪዎች ስም ነው። መሪው ከተጻፈለት ወጥቶ በስሜት የሚጨምራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ግንባር ላይ ላለው የመቶ አለቃ ትእዛዝ ናት። ስለዚህ ንግግሩ ይነበብ እንጂ በቃል አይባል፤ በቀጥታ ሳይሆን አስቀድሞ ይቀረጽ፤ በማኅደር የሚቀመጠውም ጽሑፍ የተነገረው ይሁን፤ የታሰበው አይሁን።

ስለ ትርጉም። በጅማ ዙሪያ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በዴዶ፣ በቀርሳ፣ በማና፣ በጎማ ያለው ገበሬ የሚሰማው በአፋን ኦሮሞ ነው። ንግግሩ በአማርኛ ብቻ ሲተላለፍ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው ለሌሎቹ ይነግራቸዋል፤ የአገር መሪ ቃል በዚያ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማንም አያውቅም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማልኛንና አፋርኛን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ይላል። ቢያንስ በእነዚህ በአራቱ ንግግሩ በዚያው ሰዓት ይሰማ። ይህ የሚቻል ነው፤ ሒሳቡ እነሆ። ጥንቁቅ ተርጓሚ በሰዓት ከ250 እስከ 300 ቃል ይሠራል። 800 ቃል ለሁለት ተርጓሚ ሲከፈል አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሁለቱን ክፍል አዋህዶ ጮክ ብሎ አንብቦ ማረም 45 ደቂቃ፣ መቅረጽ 20 ደቂቃ፣ መጠባበቂያ 25 ደቂቃ፤ በጠቅላላው 3 ሰዓት። ለየቋንቋው ሁለት ተርጓሚ፣ አንድ አራሚ፣ አንድ አንባቢ ያስፈልጋል፤ ለአራት ቋንቋ 16 ሰው ማለት ነው። ምሥጢር ይወጣል የሚል ስጋት ካለ ሰዎቹ አስቀድመው ተመርጠው፣ ቃል ገብተው፣ ለሦስት ሰዓት ስልካቸውን አስረክበው በአንድ ሕንፃ ይሥሩ። ትርጉሙ ከአማርኛው ስለሚረዝም አንድ አምስተኛ ተጨማሪ የአየር ሰዓት ይያዝለት። ይህ ካልታሰበበት አንባቢው ሊደርስ ብሎ ይሮጣል፤ የሚሮጥበትም ክፍል መጨረሻ ላይ ያለው የሲቪሉ መመሪያ ነው።

ከተርጓሚዎቹ ሥራ ግማሹ ዛሬ ሊያልቅ ይችላል። ክተት፣ ተኩስ አቁም፣ ትጥቅ መፍታት፣ እጅ መስጠት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሲቪል፣ ተፈናቃይ፣ ሰብአዊ ዕርዳታ፤ እንዲህ ያሉ ስልሳ ያህል ቃላት በአምስቱም ቋንቋ አቻቸው ተስማምተንበት ይታተሙ። ያለዚያ ኢቢሲና ኦቢኤን ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ይጠቀሙና ሰሚው ሁለት የተለያየ ትእዛዝ የወጣ ይመስለዋል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋም ከስክሪኑ ቢያንስ አንድ ስድስተኛውን ትያዝ፤ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እጇን አይሸፍን።

ለሲቪሉ የሚሰጠው መመሪያ በንግግሩ ውስጥ አጭር ይሁን፤ ወዲያው ተከትሎ በሌላ አንባቢ በዝርዝር ይነበብ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እንግሊዝ ለጀርመን የሰጠችው የጊዜ ገደብ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ አበቃ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻምበርሌን 5 ሰዓት ከሩብ ላይ በሬዲዮ ተናገረ፤ እርሱ እንደጨረሰ አንባቢ ቀርቦ ሲኒማ ቤቶች እንደሚዘጉ፣ የአውሮፕላን ጥቃት ማስጠንቀቂያው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ፣ የጋዝ መከላከያ ጭምብል እንዲያዝ ለሕዝቡ አነበበ። እኛ ዘንድ መነበብ ያለበት ሌላ ነው። የትኛው መንገድ ክፍት ነው? ከአዲስ አበባ በወልቂጤ አድርጎ ጅማ የሚገባው መንገድ ጊቤ በረሃ ላይ በፍተሻ ቢቆም ነዳጁም መድኃኒቱም እዚያው ይቆማል፤ ለአምቡላንስና ለቦቴ መኪና የተለየ መስመር መኖሩ ይነገር። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ የቡና ለቀማ ነው፤ ከወረዳ ወረዳ የሚጓዙ የቀን ሠራተኞች መታወቂያ ይዘው እንደሚያልፉ ካልተነገረ በየኬላው ይታሰራሉ፣ ቡናውም ዛፍ ላይ ይደርቃል። ትምህርት ቤት ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ባንክስ? የሚሰጠው የስልክ ቁጥር ሁሉ ከመነበቡ በፊት ተደውሎ ይሞከር፤ ከጅማ፣ ከጅጅጋ፣ ከሰመራ የሚሠራ መሆኑ ይረጋገጥ።

«ሁሉም ይዝመት» የሚል ጥሪ ማን፣ የት፣ በምን መታወቂያ እንደሚመዘገብ ካልተናገረ ወጣቱ ትምህርቱን ትቶ ቀበሌ በር ላይ ይሰበሰባል፤ የሚቀበለው የለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይመዘገብም የሚለው ቃል በግልጽ ይነገር። «ደም ለግሱ» የሚለውም ጥሪ እንዲሁ ነው። ከአንድ ሰው የሚወሰደው ሙሉ ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ነው፤ የለገሰው ሰው ደግሞ እንደገና ለመለገስ ሦስት ወር ይጠብቃል። ከተማው በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ቢለግስ በሁለተኛው ወር የተቀመጠው ደም ይወገዳል፣ ለጋሹም ገና አልደረሰም፤ ቁስለኛው በሚበዛበት ጊዜ ደም ባንኩ ባዶ ይሆናል። ጥሪው በሳምንት ተከፍሎ ይቅረብ፦ በዚህ ሳምንት እነዚህ ቀበሌዎች፣ በሚቀጥለው እነዚያ።

ሥርጭቱን በተመለከተ፣ ንግግሩ በምሽቱ የ2 ሰዓት ዜና ላይ፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደገም። የመግሪብ ሰላትና የዓርብ ጁምዓ ሰዓት ላይ አይግባ፤ ብዙ የጅማ ሰው በዚያ ሰዓት ሬዲዮ አጠገብ የለም። ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ አይደረብ፤ ሽለላና ፉከራም ከመመሪያው በፊት አይምጣ። የቆየ የጦርነት ምስል የሚታይ ከሆነ የተቀረጸበት ዓመት ይጻፍበት። ስልክና ኢንተርኔት አይቋረጥ። በጥቅምት 2013 ንግግሩ በተሰማበት ሌሊት የትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ ጦርነቱ ቤቱ የገባበት ሰው የት እንደሚሸሽ የሚጠይቅበት መስመር አልነበረውም። መስመር መዝጋት ለወታደራዊ ጉዳይ የግድ ነው ከተባለ የድምፅ ጥሪ ብቻ እንኳ ይተው፤ የሚዘጋበት ምክንያትና የሚከፈትበት ቀን በንግግሩ ውስጥ ይነገር።

«በአጭር ጊዜ እናጠናቅቃለን» አይባል። ይልቁንም ዓላማው በሚለካ ነገር ይገለጽ፤ የትኛው ቦታ ሲለቀቅ፣ የትኛው ኃይል ምን ሲያደርግ ተኩስ እንደሚቆም ይነገር፤ መሪው በ30ኛው ቀን ምክር ቤት ቀርቦ እንደሚናገርም ቀኑ ተጠቅሶ ይገለጽ። የመደራደሪያው በር በማን በኩል ክፍት እንደሆነም ይነገር። ሸማግሌ በጠዋት ካልተጠራ በማታ አይገኝም የሚል ሰው አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ ጦርነት በተነገረበት ንግግር ውስጥ የዕርቅ መንገድ አብሮ መነገሩን እንደ ድካም የሚያየው ጥቂት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንግግሩን ቅጽ መርምሮ ያጽድቅልን፤ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት የስልሳውን ቃል መዝገብ ያሳትም፤ ኢቢሲም በዓመት አንድ ጊዜ የጎርፍ ማስጠንቀቂያን በመሰለ ጽሑፍ ሙሉውን ሥራ፣ ከረቂቅ እስከ አምስቱ ቋንቋ ሥርጭት ድረስ፣ በሰዓት እየለካ ይለማመድ፤ ከሦስት ሰዓት ያለፈበትን ቦታ አይቶ ያርም። የአፋን ኦሮሞው ረቂቅ ሲዘጋጅ ለጅማ ይላክልን። በገጠር ቀበሌ ላሉ አድማጮች ጮክ ብለን አንብበን፣ የቱ ጋ እንዳልገባቸውና የቱ ጋ ተገልብጦ እንደገባቸው በኅዳጉ ላይ ጽፈን በአሥር ቀን ውስጥ እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጅማ ከተማ በሕግ፣ በትርጉምና በሬዲዮ ሥራ የተሰማራን ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር
ለጅማ ከተማ አስተዳደር